እስቲ ፊትሽን ተይው

«ታላቅ እህቴ እንደሆኑ ቆጥሬ ነው የምጽፍልዎት። 27 ዓመቴ ነው። በአፍላነቴ አስቸግሮኝ የተወኝ ብጉር ዓምና ተመልሶ መጣ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ጓደኛዬ ‹ቪታሚን ጎድሎሽ ነው› አለችኝና አምስት ዓይነት መውሰድ ጀመርኩ። ቪታሚን ኤ 25,000 ዩኒት፣ ቢ12 ያለበት ቢ ኮምፕሌክስ፣ ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም፣ ዚንክ 50 ሚሊግራም። ቪታሚን ኢውን ደግሞ እንክብሉን በመርፌ ወግቼ ዘይቱን ፊቴን እቀባዋለሁ። ማታ ማታ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ አሸዋለሁ። ብጉሩ ላይ የጥርስ ሳሙና አደርጋለሁ። ዘይት ያለበት ምግብ ትቻለሁ፣ በቀን አራት ሊትር ውኃ እጠጣለሁ። ብጉሩ ግን ጭራሽ በዛ። ሰሞኑን ጉንጬም ላይ ወጥቷል። የጠፋውም ጥቁር ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው። ፊቴ ይቆጠቁጠኛል፣ ስስቅ የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። ከሦስት ወር በኋላ የእህቴ ሠርግ ነው። እኔም ባለትዳር ነኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለመውለድ አስበናል። አሁን ጓደኛዬ ‹በሳምንት ያጠራል› ብላ ስም የሌለው ክሬም በትንሽ ብልቃጥ ሰጥታኛለች። ልሞክረው? ሌላስ ምን ቪታሚን ልጨምር?

ፊቷ የጨነቃት»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ብጉሩን ነው። ሁለተኛ ሳነበው ቀን ቆጠርኩ። ብጉሩ የተመለሰው ዓምና ነው። ጉንጭሽ ላይ የወጣው ግን ሰሞኑን ነው። ክኒኖቹን የጀመርሽው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ዓመታት ቆሜ ስለሠራሁ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ቶሎ አይዋጥልኝም።

ከቢ12 ልጀምር። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው። የአንቺን መጠን አልጻፍሽልኝም፤ ሣጥኑን ገልብጪና እዪው። 1,000 የሚል ቁጥር ብታገኚበት አይግረምሽ፣ ብዙ እንክብል እንደዚያ ነው የሚመጣው። ይህ ቪታሚን ሲትረፈረፍ አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት መንገዱን ለማሳየት ሞክሯል። ቆዳችን ላይ የሚኖረው የብጉር ባክቴሪያ ቢ12 በገፍ ሲመጣለት የራሱን ማምረት ይቀንስና በምትኩ ፖርፊሪን የሚባል ነገር ያበዛል። ፖርፊሪኑ ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። አንቺ ላይ ደርሶ እንደሆነ የሚታወቀው ስታቆሚው ነው።

ስለዚህ «ሌላ ምን ልጨምር?» ላልሽው ለፊትሽ መልሴ አጭር ነው። ምንም። እንዲያውም እንቀንስ።

ከብጉሩ በላይ ያስደነገጠኝ ቪታሚን ኤው ነው። እቃው ላይ ሬቲኖል፣ ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሴቴት የሚል ካለ፣ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 10,000 ዩኒት ነው። ይኸውም 3,000 ማይክሮግራም ማለት ነው። አንቺ የምትውጪው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ቪታሚን ሲ ሲተርፍ በሽንት ይወጣል። ኤ ግን ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ከንፈርና ቆዳ ያደርቃል። ስትስቂ ፊትሽ የሚሰነጠቅ የሚመስልሽ በሎሚው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ቀርቶ፣ ለመውለድ አስበሻል። የጽንሱ አካል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። በዚያን ጊዜ የተትረፈረፈ ቪታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ዛሬውኑ አቁሚው። ሐኪም ስታነጋግሪ ምን ያህል ስንት ጊዜ እንደወሰድሽ ንገሪ፣ ከማርገዝሽ በፊት ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብሽም ጠይቂ። ሣጥኑን ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ሰው «ቪታሚን ብቻ ነው የምወስደው» ይልና ስሙን ሳይናገር ይቀራል። ስንቱን አይቻለሁ!

ልጨምር ካልሽ አይቀር አንድ ነገር አለ፣ ለፊት ግን አይደለም። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር ቀደም ብላ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መጀመር አለባት። የሕፃኑን የጀርባ አጥንትና የጭንቅላት አፈጣጠር ከሚያበላሽ ችግር ይከላከላል። አምስት ዓይነት ስትወስጂ ይህን የሚመክርሽ ሰው አለማግኘትሽ ያናድደኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ባዮቲን በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል፤ የአንቺ ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ጉድለት ለሌለበት ሰው ቆዳ ያሳምራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። ችግሩ ደግሞ የደም ምርመራ ያዛባል። የታይሮይድ ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጠረጠር በደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒን ሳይቀር። ዚንክ ለብጉር ትንሽ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ ግን የቀን ጣሪያው 40 ሚሊግራም ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲያልፍ ሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ ያሳንሳል። ቪታሚን ኢውን መርፌ ወግተሽ መቀባት ደግሞ ልፋትሽን አደነቅኩ እንጂ አልወደድኩትም። በአንድ ትንሽ ጥናት የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ሰዎች ተቀብተውት ጠባሳውን አላሻሻለም፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ግን ቆዳው ተቆጥቶበታል።

ለመሆኑ ቪታሚን ለቆዳ አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፣ ያውም በጣም። ነገር ግን የሚጠቅመው የጎደለውን ሲሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም ቪታሚን ሲ ሲጎድል በሚመጣው በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ድዳቸው የሚደማ፣ ቆዳቸው የተበላሸ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሰዎች ናቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውኃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በስድስት ቀን ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አሳዩ። ቪታሚን ሲ ሳይኖር ሰውነት ኮላጅን በደንብ መሥራት አይችልም፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ነው። ግን ልብ በይ፣ ብርቱካኑ ተአምር የሠራው ባዶ ሰውነት ውስጥ ስለገባ ነው። ጠግቦ የሚያድር ሰው ላይ አሥር እጥፍ ብትጨምሪ ቆዳው አሥር እጥፍ አያምርም። ለአንዲት ሴት በቀን 75 ሚሊግራም ይበቃል፣ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ደግሞ ወደዚያ ይጠጋል። የሚያጨስ ሰው 35 ሚሊግራም ይጨምርበት።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ዘይቱን ለምን ተውሽው? ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ አይመጠጡም። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን እንዲሁ ነው። ጎመኑን በውኃ ብቻ ቀቅለሽ ስትበዪ ግማሽ ልፋትሽ በከንቱ ይቀራል። ጠብ ያለ ዘይት አድርጊበት። የቤታ ካሮቲን ደጉ ነገር፣ ሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው ወደ ቪታሚን ኤ የሚቀይረው። ስለዚህ በካሮት ራስሽን አትመርዢም። በየቀኑ ከመጠን በላይ ብትበዪ መዳፍሽና የእግርሽ ውስጥ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ያ ብቻ ነው። አንዲት እናት ሕፃኗ ቢጫ ሆነብኝ ብላ እየሮጠች መጥታ ታውቃለች። የልጁን ዓይን ገልጠን አየን፤ ነጩ ጥርት ያለ ነው። የጉበት ቢሆን ዓይኑም ቢጫ በሆነ ነበር። ለካ ልጁ ከካሮትና ከዱባ ሌላ ምንም አይበላም!

ከዚያ ውጭ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍሬ፣ የዱባ ፍሬ ብዪ። እንቁላሉን ግን ጥሬውን አትጠጪ፣ ፊትሽንም አትቀቢው። ጥሬው ነጭ ክፍል ባዮቲንን አስሮ የሚይዝ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለው። በአንድ እጅ ባዮቲን እየገዙ በሌላው መጣል ነው።

ከምግብ ብጉርን ያባብሳሉ ተብለው በተሻለ ማስረጃ የሚጠቀሱት ሁለት ናቸው። አንዱ ስኳርና ቶሎ ወደ ስኳር የሚቀየር ነገር ነው፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ነጭ ዳቦ፣ ኬክ። ሌላው ወተት ነው፣ በተለይ ቅባቱ የወጣለት። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም። አንዱን ለስድስት ሳምንት ትተሽ እዪው፣ ለውጥ ከሌለ ተመለሺበት። ስፖርት ቤት ሄደሽ የፕሮቲን ዱቄት የምትጠጪ ከሆነም ንገሪኝ፣ የወተቱ ፕሮቲን ብጉር ያወጣባቸው ሰዎች አሉ። ውኃውን ደግሞ ሲጠማሽ ጠጪ። አራት ሊትር ሽንት ቤት ያመላልስሻል እንጂ ፊትሽ ጋ አይደርስም።

አሁን ወደ ሎሚው።

ሎሚ ላይ ቂም አለኝ። 19 ዓመቴ ላይ እንዳንቺው ፊቴን ለማጥራት ሎሚ ጨምቄ ተቀባሁና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። አንድ ጠብታ ከአገጬ ተንሸራቶ በአንገቴ ወረደ። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፣ ረሳሁት። በሁለተኛው ቀን ከአገጬ እስከ አንገቴ ሥር ድረስ ቀይ መስመር፣ ጫፉ ላይ የአውራ ጣቴ ቅርጽ። ከሳምንት በኋላ ቡናማ ሆነ። ሦስት ወር ሙሉ በሙቀት ሻርፕ አሥሬ ዞርኩ። በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ነው ምን እንደነካኝ የገባኝ። ሎሚና ዘመዶቹ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ሲድን ጥቁረት ይተዋል።

ፀሐይ ባትወጪም ነገሩ አይቀርልሽም። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያ 5 ገደማ ነው። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ደረጃ ማለት አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ 8 አልፎ ይሄዳል። ስትቀላቅያቸው «ቿ» ብሎ የሚወጣው አረፋ ሠራ ሠራ ያሰኛል። እሱ ግን ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ የተረፈውን ደቃቅ ዱቄት ደግሞ ፊትሽ ላይ ታሺዋለሽ። ውጤቱ የተላጠ ቆዳ ነው። የተላጠ ቆዳ ውኃ መያዝ ያቅተዋል፣ የቀባሽው ሁሉ ይቆጠቁጠዋል። ይሄ ያንቺ ፊት ነው። የጥርስ ሳሙናም ያው ነው፤ ብጉሩን ያደርቃል፣ አብሮ ጎረቤቱን ያቃጥላል።

ያ ጥቁር ምልክትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጠባሳ አይደለም። ጠየም ያለ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር በቦታው ቀለም ያስቀምጣል። ብጉርም ይሁን ሎሚ ወይም ጥፍር፣ ለእሱ አንድ ነው። የቆዳው ላይኛ ሽፋን ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ምልክቱ ለመደብዘዝ ደግሞ ብዙ ዙር፣ ማለትም ወራት ይፈጅበታል። በየማታው ስታስቆጪው ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ቤት ውስጥ ካለው የምወደው አለ። ቫዝሊን አንዱ ነው። ሮበርት ቼስብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 ካስመዘገበው ጀምሮ የቆዳን ውኃ በመያዝ የሚስተካከለው ርካሽ ነገር አልመጣም። ሚስጥሩ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ነው። ለከንፈርሽና ለተላጠው ጥግ ስስ አድርጊ፣ ብጉሩ ላይ መለጠፍ ግን አያስፈልግም። የተፈጨ አጃ በለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መለቅለቅ የሚያሳክክና የተቆጣ ቆዳ ያረጋጋል። የእሬት ዝልግልጉ ያቀዘቅዛል፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ግን ስለሚያስቆጣ መጀመሪያ አንጠፍጥፊው። ማር አሥራ አምስት ደቂቃ ብታደርጊ አይጎዳሽም፣ ብዙ ግን አትጠብቂ። እርድ ትራስሽን ቢጫ ያደርጋል። የኮኮናት ዘይት ለደረቅ እግር መልካም ነው፣ ብጉር ላለበት ፊት ግን ቀዳዳውን ይደፍናል። የወይራ ዘይት ደግሞ ወጥ ውስጥ ይግባ።

ብልቃጧን በተመለከተ አትክፈቻት። ስም የሌለው፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት፣ «በሳምንት የሚያጠራ» ክሬም ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ሦስት ነገር ነው። እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ ወይም ሜርኩሪ። ስቴሮይዱ እውነትም በሳምንት ያሳምራል፤ ቅላቱን ያጠፋዋል፣ ፊት ያበራል። ከዚያ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ የደም ሥሩ ከላይ ይታያል፣ ብጉሩ አዲስ ሆኖ ይመጣል። ልታቆሚው ስትይ ፊትሽ እሳት ይሆናል፤ መልሰሽ ትቀቢዋለሽ። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ለማስለቀቅ የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ ለጽንስም አደገኛ ነው። ጓደኛሽ ራሷ እየተቀባችው ከሆነ በአንድ ጊዜ ጣይው አትበያት። የቆዳ ሐኪም ጋ ከነብልቃጡ ትሂድ፣ አንዳንዱ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

እንግዲህ ሦስት ወር አለን። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ፊትሽን ተይው። ጠዋትና ማታ ሽታ በሌለው ለስላሳ የፊት መታጠቢያ በጣትሽ ብቻ ታጠቢ፣ በፎጣ አትፈትጊ። ከዚያ ቀለል ያለ ማለስለሻ፣ ቀን ደግሞ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ። 30ው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማ ይከለክላል፣ ግን በቂ ስትቀቢ ነው። በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ አውጪ፣ ለፊትና ለአንገት የሚበቃው ያ ነው። ቀለም ያለው ብታገኚ እሱን ምረጪ፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ጥቁረት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይይዛል።

መቆጥቆጡ ሲቆም ማታ ማታ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ የሚባለውን የብጉር ቅባት፣ 2.5 በመቶ የሆነውን፣ ጀምሪ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን እያሳለፍሽ። በነጠላ ብጉሩ ላይ ሳይሆን በሚያወጣበት ቦታ ሁሉ ስስ አድርገሽ ነው። ለጥቁር ምልክቱ አዜላይክ አሲድ ጥሩ ነው፣ ብጉሩንም ይረዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ከሚመረጡት አንዱ ስለሆነም ላንቺ ይመቻል። ሁለቱን ግን በአንድ ሳምንት አትጀምሪ፣ ከተቆጣሽ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። አዳፓሊን የሚባለውን ሰው ቢመክርሽ ደግሞ ከቪታሚን ኤ ወገን ነው፣ ለማርገዝ እንዳሰብሽ መጀመሪያ ለሐኪሙ ተናገሪ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ለውጥ የሚታየው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ለሠርጉ ብጉሩ በአብዛኛው ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ምልክቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እሱን ሜካፕ ይሸፍነዋል፣ ነውር የለውም።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ። የወር አበባሽ ይዛባል? አገጭሽ ላይ ጠንካራ ፀጉር ያወጣል? ብጉር ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አንዳንዴ ምክንያቱ ሆርሞን ነው፣ ይህ ደግሞ ለመውለድ ላሰበች ሴት ቀድሞ መታየት ያለበት ነው። መልስሽ አዎ ከሆነ፣ ወይም ብጉሩ ጠልቆ የሚያምና ጎድጓዳ የሚተው ከሆነ፣ ሁለቱን ሳምንት ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ደግሞ ነጭ የትራስ ልብስ አንጥፊ። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጨርቅ ያነጣል፣ የእኔን ሰማያዊ ትራስ አበላሽቶብኛል። የሠርጉ ልብስሽ ቀለም ያለው ከሆነ ጠዋት ፊትሽንና አንገትሽን በደንብ ታጠቢና ነው የምትለብሺው።